ከኋላ አክስሉ ሥር

ወይዘሮ ሐመልማል መኪናዋ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆሞባት ስትነጫነጭ ከርማ፣ ሰኞ ጠዋት ልትወስደው ቀጨኔ መጣች። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ነጩ ፕራዶ የኋላ ግራ ጎማው ተፈትቶ ተዘንብሏል፤ ከሥሩ ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«እየሠሩ መስሎኝ ‹ዛሬም አላለቀም?› ብዬ ጮህኩባቸው» አለች በኋላ እያለቀሰች። «ሁለቴ ነው የጮህኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ቦጋለ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ሐኪሙ ከሞቱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል አለ። ቅዳሜ የሞቱ ሰው ሰኞ ተገኙ ማለት ነው፤ እሑድን ሙሉ በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አብልጬ የምጠላው ያንን እሑድ ነው።

ኢንስፔክተር ትሕትና ከመድኃኔ ዓለም በታች ያለውን ቁልቁለት በእግሯ ወረደች፤ መንገዱ የፖሊስ መኪና አያስገባም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ለብቻዋ ትኖራለች፤ ሰው ሲጠይቃት «ተመችቶኛል» ትላለች፤ ማንም አያምናትም፣ እሷም ጭምር። አባቷ አዲሱ ገበያ የከባድ መኪና መካኒክ ስለነበሩ ልጅነቷን ቁልፍ ስታቀብል ነው ያሳለፈችው። ይህን ለባልደረቦቿ ተናግራ አታውቅም፤ ከሰሙ የጣቢያውን መኪና ሁሉ ሊያሸክሟት ነው።

ሳጅን ኑሪ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ክሪኩ ከድቷቸው ነው። መኪናውን በካቫሌቶ አልደገፉትም፤ ያው ሁለቱም መደገፊያ ብረቶች ግድግዳው ጋ ተቀምጠዋል። ክሪኩን ያቆመው ኡርጌሳ የሚባል ሠራተኛ ነው፤ ይዤዋለሁ።»

«እጃቸውን አየህ?»

«ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም። ችግሩ እሱ ነው።»

ኑሪ ጎንበስ ብሎ አየ። የጋሽ ቦጋለ እጅ በሳሙና ታጥቧል፤ ጥፍራቸው ሥር እንኳ ግራሶ የለም።

አስከሬኑ ተነሥቶ መኪናው በደንብ ከተደገፈ በኋላ ትሕትና ካርቶን አንጥፋ ከሥር ገባች። ኑሪ አፉን ከፍቶ አያት። አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች አዳዲስ የላስቲክ ጎሚኒ ገብቶላቸዋል። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ሞከረቻቸው፤ ሁሉም ጠብቀዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቡሎኑን ከሚይዘው ዳዶ እስከ ብረቱ ነጭ ቀለም ተሰምሯል፤ ጠንቃቃ መካኒክ «ይህን ጨርሻለሁ» ሲል የሚያደርገው ምልክት ነው። የተፈታው ጎማ ግድግዳ ተደግፏል። የጎማው ስድስት ዳዶዎች ግን መሬት ላይ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው በየቡሎናቸው ላይ ሁለት ዙር ብቻ ተጠምዝዘው ተመልሰዋል።

የጋሽ ቦጋለ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ስብሐት ጥግ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቁስቋም አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ አግብተው አያውቁም።

«መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት፣ ለምሳ ስወጣ። ከዚያ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት። ጎሚኒው ገብቷል፣ ቡሎኑ ግን አልጠበቀም ነበር። በኋላ ከሥር ገብቶ ሲያጠብቅ ነው የወደቀበት።»

«መኪናው በክሪክ እንደተነሣ?»

«አዎ ልጄ። ‹ካቫሌቶ ደግፉ› ብዬ ነበር። ኡርጌሳ አይሰማም፤ ወጣት አይደል።»

«ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አሁን ጋራዡ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ነገ እንከፍታለን» አሉ። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

ኡርጌሳ ጣቢያ ነው። ሚስቱ ደራርቱ የሰባት ወር ልጃቸውን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ከተባለ፣ ይህች ሕፃን አባቷን የምታውቀው በእስር ቤት ጉብኝት ነው። ትሕትና በአጠገቧ ስታልፍ ልታያት አልደፈረችም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው አልቋል» አለ ኡርጌሳ። «መኪናውን አውርደን፣ በጎማው ቆሞ ነው ቡሎኑን ያጠበቅነው። ጋሽ ቦጋለ ቀለሙን ቀብተው እጃቸውን ታጠቡ። ‹ዛሬ በጊዜ ሂድ፣ ልጅህን እያት› አሉኝ። በቃ፣ ሄድኩ።»

«ጋሽ ስብሐትስ?»

«ለምሳ ወጥተዋል። ሲመለሱ አላየሁም።»

«የሚመሰክርልህ አለ?»

«ሚስቴ ናት ያለችኝ። ማን ያምናታል?»

ማክሰኞ የጋሽ ቦጋለ ልጅ ሩታ ከሐዋሳ ደረሰች። እሑድ ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር፤ ስልኩ ሲጠራ ቆይቶ ሲዘጋ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብላ ተወችው። ይህን የተናገረችው ማንም ሳይጠይቃት ነው፤ ደግማ ደጋግማ ተናገረችው።

«በሚመጣው ወር ጋራዡን ዘግቶ እኔ ጋ ሊገባ ነበር» አለች። «ቅዳሜ ለጋሽ ስብሐት እነግረዋለሁ አለኝ። ሳምንት ሙሉ ፈርቶ ነው የቆየው።»

«ምን ፈርተው?»

«እንጃ። ይከፋዋል ይል ነበር።»

ረቡዕ ከሰዓት ትሕትና ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሩታ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆመች። ሐመልማል መኪናዋን ላለማየት ፊቷን አዙራለች። ኡርጌሳን ኑሪ ይዞት መጣ።

«ከንግግሩ በፊት ትንሽ ሥራ አለችኝ» አለች ትሕትና። «የቀሩትን ጎማዎች ማየት እፈልጋለሁ። ኡርጌሳ፣ የፊቱን ፍታልኝ። ጋሽ ስብሐት፣ እርስዎ የኋላውን ቀኝ።»

ሁለቱ ሰዎች ሠሩ። የቁልፉ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ኡርጌሳ ዳዶዎቹን ባርኔጣው ውስጥ ከተተ። ጋሽ ስብሐት ጎማውን አውጥተው ግድግዳ አስደገፉት፤ ከዚያ ጣቶቻቸው ሳይታዘዙ ስድስቱን ዳዶዎች አንድ በአንድ እየያዙ፣ በየቡሎናቸው ላይ ሁለት ሁለት ዙር መለሷቸው።

«ጋሽ ቦጋለስ ዳዶ የት ነበር የሚያኖሩት?»

«በወተት ጣሳ» አለ ኡርጌሳ። «ውስጡ ዳዶውን በቤንዚን ያጥቡት ነበር።»

ጣሳው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ባዶ ነው። ትሕትና በኋላ ግራ በኩል እንዲያዩ በእጇ አመለከተች። ከሰኞ ጀምሮ ያልተነኩት ስድስት ዳዶዎች እንዲሁ ሁለት ሁለት ዙር ተጠምዝዘው በየቡሎናቸው ላይ አሉ። ጋሽ ስብሐት አይተው ቁልፉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«የታጠበ እጅ ይዞ አክስል ሥር የሚገባ መካኒክ የለም» አለች ትሕትና። «ጋሽ ቦጋለ ሥራ ጨርሰው ነበር። ሐኪሙም የገደላቸው የጭንቅላታቸው ምት ነው ብሏል፤ ጭንቅላታቸው በኋላ በኩል ተመትቷል፣ የተኙበት ካርቶን ላይ ግን ደም የለም። አክስሉ ደረታቸው ላይ ያረፈው ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ታዲያ እኔን ልትጠረጥሩ...» ብላ ሐመልማል ጀመረች።

«አንቺን ማንም አላለሽም። አሁን ወደ ቡሎኑ ልምጣ። እነዚህ ክንዶች ጫፋቸው ላይ ላስቲክ አለ። መኪናው ተንጠልጥሎ ካጠበቅካቸው፣ ሲወርድ ላስቲኩ ተጣሞ በወሩ ይቀደዳል። ስለዚህ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው ቡሎኖቹን የሚያጠብቋቸው። እዚህ ሁሉም ጠብቀው ቀለም ተቀብተዋል። መኪናው ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ያለ ሥራ ያነሣው ሰው አለ። ኡርጌሳ ይህን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ጋሽ ስብሐት ግን በክሪክ እንደተነሣ ሲያጠብቅ ወደቀበት አሉኝ። እርስዎ ይህን አያጡትም። ፖሊስ ምን ያውቃል ብለው ነው።»

ሽማግሌው ለመካድ አልሞከሩም።

«ከምሳ አርፍጄ ተመለስኩ» አሉ። «‹ልሄድ ነው ስብሐት፣ አንተም ዕረፍ› አለኝ። የት ሄጄ ነው የማርፈው? ጠዋት ተነሥቼ ወዴት ነው የምሄደው? ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። የጠረጴዛው ብረት ላይ ወደቀ፣ አልተነሣም። ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ።»

ኡርጌሳ ወደ እሳቸው ተራመደ፤ ኑሪም አልከለከለውም።

«ጋሽ ስብሐት፣ ልጅ አለችኝ እኮ። ያውቃሉ እኮ!»

«አውቃለሁ። አንተ የሚጠብቅህ ሰው አለህ፤ ብትታሰርም ይጠብቁሃል ብዬ ነው። እኔን ማን ይጠብቀኛል?»

ሩታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሕትናም ልቧ ተነካ፣ ያ ግን ጋሽ ስብሐት ያደረጉትን ቀላል አላደረገላትም። ደራርቱ ባሏን ጣቢያ ድረስ መጥታ ወሰደችው።

ያን ዕለት ኑሪ የጋሽ ስብሐትን የእስር ቅጽ ሲሞላ ትሕትና አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ተጻፈ።

«የቅርብ ተጠሪ?» አለ ኑሪ ቀና ሳይል።

«ቦጋለ ተሰማ» አሉ ጋሽ ስብሐት ወዲያው፤ ስልክ ቁጥሩንም በቃላቸው አስከተሉ።

ኑሪ እስክሪብቶውን እንደያዘ ትሕትናን አያት። ጋሽ ስብሐት ያሉትን የተረዱት ያኔ ነው።

«ሌላ ሰው ይንገሩን» አለች ትሕትና ቀስ ብላ።

ረጅም ጊዜ አሰቡ። ኑሪ ጠበቃቸው፣ ጠበቃቸውና ቦታውን ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።