ያልጮኸው ብረት

«እይው እስቲ! ፊትሽን አታዪበትም?» አለ አጎቷ፣ ከሰደፉ ተነጥለው የመጡትን የጠመንጃውን ሁለት አፈሙዞች ጠረጴዛዋ ላይ እያሳረፈ።

እውነትም ጠቁረው ያበራሉ። እሷ የአያቷን የአደን ጠመንጃ ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅና የተልባ ዘይት በመዳፏ ስታሽ ሦስት ሳምንት ከርማለች። እሱ የዛገውን ብረት በአንድ ከሰዓት ጨርሶ መጣ። ይሄ ሰውዬ በዕድሜው አንድ ሥራ በወጉ ጨርሶ አያውቅም፤ አፉ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«በምን አጠቆርከው፣ ጋሼ?»

«ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ቀቀልኩት። ግማሽ ሰዓት ብቻ! ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው። አባዬ ቢሆኑ ስድስት ወር ይጎትቱት ነበር።»

ቀቀልኩት አለ፤ እንደ ድንች። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የተጣበቁት በቀለጠ እርሳስ ነው፤ የፈላ ኮስቲክ ደግሞ እርሳሱን ይበላዋል። ይህን የነገሯት አያቷ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቆርጡና ሲሞርዱ የኖሩ ቶርኖ ሠራተኛ። መፈተኛውንም አሳይተዋታል። ብረቱን በገመድ አንጠልጥለሽ በእንጨት ትመቺዋለሽ፤ ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ካልጮኸ እርሳሱ ለቋል፣ አይተኮስበትም።

አጎቷ እንደወጣ አንጠልጥላ መታችው። ብረቱ አልጮኸም፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ኮሽ አለ። ደግማ መታችው። ያው ነው።

«ፋራ» አለች ብቻዋን፣ ፈገግ ብላ።

ለማንም አልተናገረችም። አያቷ ማንኛውንም ብረት ሳይመቱ አይቀበሉም። እሁድ ጠመንጃው ሲመለስላቸው ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ይመቱታል፣ ያኔ የአዋቂው ጉድ ይወጣል። ሦስቱን ቀን ይህንኑ እያሰበች በደስታ ከረመች። አፈሙዙንና ሰደፉን እሷው ገጣጠመችው፤ እስኪያብረቀርቅም ወለወለችው።

እሁድ ረፋድ ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አጎቷ አንድ ጣሳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ንግግር ጀመረ። «ሰደፉም በሉት አፈሙዙ፣ ሁሉም የነዚህ እጆች ሥራ ነው!» እጆቹን ዘርግቶ አሳየ። እሷን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። የእሷ ጥፍሮች ግን እስካሁን በዘይት እንደ ጠቆሩ ናቸው። ቆይ ብቻ፣ አለች በሆዷ።

አያቷ ጠመንጃውን ተቀበሉ። ሰደፉን በመዳፋቸው ዳበሱት። «የአባቴ ጠመንጃ» አሉ፣ «እኔ እኮ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አልመቱትም።

«ሁለቱንም አጉርሼዋለሁ» አለ አጎቷ። «የመጀመሪያው ተኩስ የእርስዎ ነው፣ አባዬ!»

ሰው አጨበጨበ። አያቷ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ጉንጫቸውን አስጠጉ። እሷ የምትጠብቀው አጎቷ ሲዋረድ ማየት ነበር፤ የአያቷ ፊት ከዚያ ብረት አጠገብ ይሆናል ብላ አንዴም አላሰበችም።

«አባባ! አይተኩሱ! እርሳሱ ለቋል!»

አያቷ ጣታቸውን ከምላጩ አነሱ። ጠመንጃውን ከፍተው ጥይቶቹን አወጡ፣ አፈሙዙን ነቅለው በአንድ ጣታቸው አንጠለጠሉትና በከዘራቸው መቱት። ኮሽ አለ።

«ሶዳውን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው!» አለ አጎቷ ወዲያው። «ደግሞ የገጠመችው እሷ ናት፤ ስትገጥም አላልታው ይሆናል!»

ማንም አልሰማውም። «ጎበዝ! እግዜር ነው ያናገረሽ» አለች አንዲት ጎረቤት። አያቷ ግን ብረቱን እንዳንጠለጠሉ የልጅቷን ፊት ያዩ ነበር።

«መቼ አወቅሽ፣ ልጄ?»

«አሁን ነው» ብትላቸው ያምኗታል። ሜዳው ሁሉ ያጨበጭብላታል፤ ሰውዬው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። አየችው። ገና ሶዳ ሻጩን እየረገመ ነው፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። እንደዚህ ሰውዬ የምትንቀው ሰው አልነበራትም። ሦስት ቀን ሙሉ ምላሷን ይዛ የቆየችው ግን እሷ ናት።

«ሐሙስ ነው ያወቅኩት፣ አባባ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ።