የጠፉት የጠምበለል ጉንጉኖች

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዛሬ ጠዋት በፉኬት ደሴት የጀልባ ወደብና በዙሪያው የጠምበለል ጉንጉን ለመድኃኒት እንኳ ጠፍቷል!

ቀላል ነገር የመሰለው ካፒቴን ፕራሰርትን ይጠይቅ። ሽማግሌው የአንድ ባለጸጋን የመዝናኛ ጀልባ ባሕር ማዶ ወዳለችው ላንካዊ ደሴት ሊወስድ ነው፤ በጀልባዋ ግንባር ላይ ትኩስ ጉንጉን አስሮ «እናት» የሚላትን የጀልባዋን ጠባቂ መንፈስ ሳይለማመን ግን ገመድ አይፈታም።

የጀልባዋ ምግብ አብሳይ ላምዱዋንም አብራ ትሄዳለች። ላትመለስ።

ጀልባዋን እንዲያጥብ የተቀጠረው ታዊን የሦስት ቀኑን ሥራ ስምንት ቀን አድርሶታል። የባሕሩን ጨው አጠበ፣ ሰም ቀባ፣ ወለወለ፣ ደግሞ ወለወለ። ላምዱዋን ከጀርባው መረማመጃው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እሱ ዞሮ አያያትም፤ በሚወለውለው የጀልባዋ ጎን ላይ ግን ፊቷ እየጠራ፣ እየጠራ ይመጣል። እንደ ሕልም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀለሙን ልጠህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አለችው ትናንት።

«ነጥብ አለው።»

«የቱ ጋ?»

በጣቱ አሳያት። በሳቅ ፈረሰች። «እሱማ የእኔ ጉንጭ ላይ ያለው ነው፤ አይለቅም!»

ውሃው ጀልባዋን በቀስታ ይልሳል።

«ነገ መሄዳችን ነው» አለች በመጨረሻ። «ቅሪ የሚለኝ ሰው ካለ እቀራለሁ።»

ታዊን ያንኑ ቦታ ደግሞ ወለወለ። «ሰሙ... ገና አልደረቀም።»

«አይ አንተ!» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ገባች። ዓይኗን ያቀላው ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ የጠየቃት የለም።

አሁን ካፒቴኑ ወደቡን ያምሳል። «ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ከየሻጩ ጠራርጎ ገዝቶታል አሉ! ማነው ይሄ ጉደኛ?»

ላምዱዋን ነፋሱን አሸተተች። ሽታውን ተከትላ የታዊንን መኪና የኋላ በር ከፈተች። በባልዲውና በብሩሹ መሃል፣ ነጭ ጉንጉን እስከ ጣሪያው ተቆልሏል።

ታዊንን ረጅም ጊዜ አየችው። እሱም ዛሬ በጀልባዋ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት አያት።

አንድ ጉንጉን አነሣች፤ ሻንጣዋን ከጀልባዋ አወረደች። «እንካ አባባ፣ በሰላም ግባ። ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው። እኔ ቀርቻለሁ።»

ሽማግሌው ጉንጉኑን እንደያዘ ወደ ታዊን ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ አበባ ምን ልትሠራበት ነው የገዛኸው?»

ታዊን መወልወያ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አልናገርም» አለ።