የቀጠነው ወንዝ

አልገባ አለ። ሙጫ ቀዩን የካርቶን ቁራጭ አዙራ ብትሞክረው፣ ገልብጣ ብትሞክረው፣ በመንገዱና በቤቶቹ መካከል አልገባ አለ። ቁራጩ የፈጣን አውቶቡሱ ልዩ መስመር ነው፤ ልኩን የሰጣቸው የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ስለሆነ ከጎኑ መቁረጥ አይቻልም። ቤቶቹ ከክብሪት ቀፎ ተሠርተው መንገዱን ተከትለው ተደርድረዋል። ከጀርባቸው በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወንዝ አለ።

ሙጫ ያሏት ገብጋባ ሆና አይደለም። እጇ ከኮላ ተለይቶ ስለማያውቅ ክፍል ውስጥ ያወጡላት ቅጽል ስም ነው፤ አሁን አሁንማ እናቷም ስትናደድ እንዲያ ብላ ትጠራታለች።

ተማሪዎቹ የሠሩት ይህ የሰፈሩ ሞዴል ለነገው ስብሰባ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ትምህርት ቤታቸው አዳራሽ መጥቶ የሰፈሩን ሰው ሊያስመርጥ ነው፤ በምሰሶ ላይ የሚሄድ ሹፌር አልባ ባቡር ይሻላችኋል ወይስ የራሱ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ? ባቡሩ ከተመረጠ በዚህ መንገድ አውቶቡስ የሚባል ነገር አይኖርም። የሙጫ አባት ደግሞ የዚህ መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ወሬውን የሰማ ዕለት «ሹፌር አልባ! እኛ ታዲያ ምን ልንሆን ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እራቱን ነካ ነካ አድርጎ ይነሳል።

የባቡሩ ምሰሶዎች መንገዱ መሀል ስለሚቆሙ ማንንም አይነኩም። ችግሩ አውቶቡሱ ነው። ሙጫ ዙሪያዋን አየች። ክፍሉ ውስጥ የቀረች እሷ ብቻ ነች። ቤቶቹን በምላጭ እየላጠች ወደ ኋላ ገፋቻቸው፤ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ቡናማውን ቀለም አነሳችና የወንዙን ግማሽ አፈር አደረገችው። ቀዩ ካርቶን ሰተት ብሎ ገባ።

«ሞዴል አይደል እንዴ» አለች ለራሷ።

ከቤቶቹ አንዱ የጓደኛዋ የድምቡሼ ቤት ነው። በሩን አረንጓዴ የቀባችው ራሷ ድምቡሼ ናት፤ ቀብታ ከወጣች ብዙም አልቆየች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አባቷ የሥራ ኮቱን እንደለበሰ ከሹፌር ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። መሐንዲሱ ሞዴሉ ላይ አጎንብሶ መንገዱን አየ፣ ቤቶቹን አየ፣ ወንዙ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ ተማሪዎቹን አያቸው።

«ጎበዞች» አለ መሐንዲሱ። ያየውን ግን አይቷል፤ ሙጫ ከዓይኑ አውቃለች።

የድምቡሼ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ተነሱ። «ልጄ፣ አውቶቡሱ ቢመጣ ቤታችን ይነካል?» ሲሉ መሐንዲሱን ጠየቁት።

«ሞዴሉን ይዩታ፣ እናቴ። ልጆቻችሁ የሠሩት ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። አረንጓዴውን በር ሲያገኙ ፊታቸው በራ። «ይኸው ቆማለች! እሰይ! እንግዲህ አውቶቡስ ይሁን። የሹፌሮቹም እንጀራ አይቋረጥ፤ እነሱም የልጅ አባት ናቸው።» ወደ ሙጫ ዞረው ጭንቅላቷን ዳበሷት። «እጅሽ ይባረክ።»

መስመሩ ከመጣ ይህ ቤት በእውነት እንደሚፈርስ ሙጫ ታውቃለች። አምና ከድልድዩ ማዶ ለመንገድ ሥራ ቤት ሲፈርስ፣ የዚያ ሰፈር ልጆች ከክፍላቸው እንደወጡ ቀርተዋል። አንዳቸውም ደውለው አያውቁም።

«ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ፤ ምን ሆነሻል?» አለቻት ድምቡሼ።

«መጣሁ» አለችና በወንበሮቹ መካከል ተሹለክልካ አባቷ ዘንድ ደረሰች። ጆሮው ላይ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ ወንዙን እኔ ነኝ ያቀጠንኩት። መስመሩ አልገባ ሲለኝ ቤቶቹን ገፋኋቸው።»

አባቷ ለአፍታ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ያንን መንገድ ከንጋት እስከ ማታ ይመላለስበታል፤ በቤቶቹና በወንዙ መካከል ድመት እንኳ ተጎንብሳ እንደምታልፍ ያውቃል። እጁን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ዝም በይ እንግዲህ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ፣ የኔ ልጅ። ሌላ ሥራ እኮ አልችልም።»

አባቷ ሲለምናት ሰምታ አታውቅም። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ከምታየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አውቶቡስ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ» አለ መሐንዲሱ።

ሹፌሮቹ አወጡ። የድምቡሼ እናት ከሁሉም ቀድመው አውጥተዋል። አጠገባቸው ያሉት የወንዝ ዳር ሰዎችም እሳቸውን እያዩ አወጡ። መሐንዲሱ ከፊት ረድፍ ጀምሮ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ አይቸኩልም፤ እሱም የሚፈልገው አውቶቡሱን ሳይሆን አይቀርም፣ ደስ ብሎታል።

አባቷ እጁን አላወጣም። አላወረደምም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደረቱ ጋ ቀርቷል። እሷን አያያትም።

ሙጫ ኮቱን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያ በመጣችበት ተመለሰች፤ እግሯ ከብዷታል፣ ግን አልቆመችም። ድምቡሼ በሳቅ ቦታ ለቀቀችላት። አልተቀመጠችም። ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመችና የተዘረጋውን ክንዳቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እትዬ» አለች፣ «እጅዎን ያውርዱ።»