ቀኝ እጅጌ

ፋሪሃ ቀኝ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ከኳስ ሜዳው ወጣች። ትኩሳት የሚለኩላት ሕፃን ነው የምትመስለው። ኳሱን ወደ ቅርጫቱ ስትወረውር ከብብቷ ሥር «ጢርር» የሚል ድምፅ ሰምታለች። ኳሱም አልገባ፣ ቀሚሱም ተተረተረ።

የክፍል ጓደኛዋ ዮሳቤጥ ሮጣ ደረሰችባት። «እስቲ አሳዪኝ... ወይኔ ጉዴ! ገና በአራተኛ ቀኑ?»

«ቀስ በይ! ማንም አላየም።»

«ታድለሽ ሂጃብ አለሽ። ወደ ቀኝ ጎተት አድርጊው። ኸላስ! ምንም አይታይም።»

ቀሚሱ የፋሪሃ አልነበረም። በካርቱም ዴም ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የሚማሩበት የኮሚኒቲው ትምህርት ቤት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከፋብሪካ ተሰፍቶ የሚመጣ ዩኒፎርም ሊገዛ አስቦ፣ ነጋዴው ለናሙና የሰጠው ነው። ልጆቹ ስሙን በአረብኛው «ጃሂዝ» ብለውታል፤ ያለቀለት፣ ዝግጁ ማለት ነው። አንድ ሰው ሳምንቱን ለብሶት ሐሙስ ዕለት በተማሪውና በኮሚቴው ፊት አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ፋሪሃን የመረጧት «ረጅምም አጭርም፣ ወፍራምም ቀጭንም አይደለችም» ብለው ነው። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባትም።

«ነገ አሪፍ ነው ትያለሽ፣ አለቀ» አለች ዮሳቤጥ። «ወላሂ ፋሪሃ፣ አንድ ዓመት እንኳ እንደ ሰው አዲስ እንልበስ። ደግሞ ብታጣጥዪው ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ። ‹ለአክስቷ አድልታ ነው› ነው የሚሉሽ።»

እሱስ እውነት ነው። እስካሁን የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የምትሰፋው የፋሪሃ አክስት ኒዕማ ነበረች።

ያኔ፣ የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ፣ ዴም ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ የሚኖርባት ሰፈር ነበረች። ዛሬ አብሮህ ቁርስ የበላ ልጅ በወሩ «ፕሮሰሱ አለቀለት» ይባልና አውስትራሊያ ወይ ካናዳ ይገባል። የሚሄድ ልጅ ታዲያ አንድ ነገር ሳያደርግ አይሄድም ነበር፤ ዩኒፎርሙን አጥቦ ለኒዕማ ይመልሳል። ኒዕማ ሁሌም ከቅምቅማቱና ከጎኑ ብዙ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ስለምትሰፋ፣ እሱን ትፈታና ለሚቀጥለው ልጅ ታስረዝመዋለች፣ ታሰፋዋለች። ከአንገትጌው ውስጥ የለባሹን ስም በቢጫ ክር ትጽፋለች፤ የበፊቱን ስም ግን አትፈታም። በፋሪሃ ቀሚስ ውስጥ ወለላ፣ ፅዮን፣ ፋሪሃ የሚል አለ።

ችግሩ የካርቱም ፀሐይ ነው። ጨርቁን በአንድ ዓመት ታነጣዋለች፣ ታጥፎ የከረመው ግን እንደ ጥንቱ ሰማያዊ ነው። ሁለት ጊዜ የተፈታው የፋሪሃ ቀሚስ ግርጌው ላይ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ «ባንዲራ» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን አንዱ ጠዋት በር ላይ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። ጃሂዙን በለበሰችባቸው አራት ቀናት ግን ማንም ባንዲራ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ኒዕማ የስፌት መኪናዋን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ እየሰፋች ነበር። ፋሪሃ በጓዳ ቀሚሱን ለውጣ፣ ጠቅልላ ይዛው መጣች።

«አክስቴ፣ መርፌ አለሽ?»

ኒዕማ መኪናዋን አቆመች። «መርፌ? አንቺ? ቁልፍ ሲበጠስብሽ በስቴፕለር የምታያይዢው ልጅ?»

ፋሪሃ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጥቅሉን ሰጠቻት። ኒዕማ እንደ ልማዷ ፊቱን ሳታይ ወደ ውስጥ ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ በጣቷ ስፌቱን ተከተለች።

«እጅ አላት» አለች።

«ማን?»

«የሰፋችው ልጅ ናታ። እይው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው፣ ቅንጣት አልጠመመባትም።»

ፋሪሃ ቀሚሱን የሰፋች ልጅ አለች ብላ አስባ አታውቅም። ማሽን ነው የሚመስላት፤ ከአንድ ወገን ጨርቅ ይገባል፣ ከሌላው ጃሂዝ ይወጣል።

«ታዲያ ለምን ተቀደደ?»

«የምትይዘው ትርፍ ጨርቅ አልሰጧትም።» ኒዕማ የትንሽ ጣቷን ጥፍር አሳየች። «ይቺን ታህል እንኳ አልተዉላትም። የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው፣ ጨርቅ ይቆጥባል። እሷ የተሰጣትን አያይዛ ታሳልፋለች። ቀና ብትል ‹ቁጥርሽ አልሞላም› ይሏታል። ውሃ እንኳ አንጠጣም ነበር፣ ሽንት ቤት እንዳንሄድ ብለን።»

«አንቺም እንደዚህ ሰፍተሻል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አገር ቤት። የሸሚዝ ግራ እጅጌ ብቻ። ቀኙን የምትሰፋው ሉጥፊያ ነበረች፣ ፊት ለፊቴ።» ኒዕማ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ከቀሚሱ ርቆ ሄደ። «ስንት ሺህ እጅጌ! ሸሚዙን ሙሉውን ግን አንድ ቀን አይተነው አናውቅም። ‹ኒዕማ፣ አንገት ይኖረው ይሆን?› ትለኝ ነበር። ዳቦ ለሁለት ቆርሰን፣ እሷ እየሳቀች... አንዴ እዚህ ሱቅ አረቢ ገበያ ውስጥ አንድ ሰውዬ ያንን ሸሚዝ ለብሶት አየሁ። ግራ እጁን እያየሁ እስከ መኪናው ተከተልኩት። ሌባ ናት ብሎ ቦርሳውን አቀፈ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኒዕማ የተቀደደውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄም ቀኝ እጅጌ ነው» አለች። «አምጪ፣ ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ ልስፋው። ሰው እንደ ተቀደደም አያውቅ።»

«ከሰፋሽው እኮ ልጆቹ ጃሂዙን ይመርጣሉ።»

«ይምረጡ።»

«አንቺስ?»

«አብሽሪ፣ አታስቢ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። የሰው ልጅ ልፋት ተተርትሮ እያየሁ እንዴት እተወዋለሁ? ሉጥፊያ ብታየኝ ምን ትለኛለች?» ክር በጥርሷ በጠሰች።

ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ የተመለሱት ቀሚሶች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ፋሪሃ ከላይ ያለውን አንስታ አንገትጌውን ገለጠች። ኢክሪማ ይላል። ኢክሪማ ባለፈው ክረምት ነው የሄደችው፤ ገመድ ስትዘል እንደሷ የሚቆጥር አልነበረም፣ አማርኛና አረብኛ ቀላቅላ። ከስሟ በታች ለሌላ ስም የሚሆን ቦታ አለ። የጃሂዙን አንገትጌ ፋሪሃ እሁድ ጠዋት አይታዋለች፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። የልብሱን ልክ የሚናገር። ያን ጊዜ ምንም አልመሰላትም ነበር።

መርፌው ጨርቁን ሊነካ ሲል የአክስቷን እጅ ያዘች።

«ተይው።»

«ምኑን?»

«አትስፊው። ነገ ካሳየሁ በኋላ ትሰፊዋለሽ።»

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ብብትሽን?»

«ከውስጥ ሌላ እለብሳለሁ።»

ኒዕማ መርፌዋን ከጨርቁ መለሰች። ከዚያ ልብሷ ደረት ላይ ሰካችው።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዮሳቤጥ ወንበር ይዛላት ጠበቀቻት፣ ሂጃቧንም ወደ ቀኝ ጎተተችላት። «አስታውሺ፣ እጅ ስታወጪ ግራሽን!» አለቻት በሹክሹክታ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ስለ ዘመናዊነት ትንሽ እናገራለሁ ብለው ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንግዲህ ፋሪሃ፣ በአጭሩ፣ ያለ ዝምድና!»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ፋሪሃ ጆሮዋ እየጋለ ወደ ፊት ወጣች። ዮሳቤጥ አውራ ጣቷን ሽቅብ አሳየቻት። ፋሪሃ አላየቻትም፤ ሂጃቧን ከቀኝ ጎኗ አነሳች፣ ወደ ትከሻዋ መለሰችው።

«መጀመሪያ ግን» አለች፣ «የሰፋችው ልጅ ጥፋት አይደለም።»

ከዚያ ቀኝ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች።