ሁለት ጊዜ የተቀደደው ውል

ኅሩይ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በመጋቢት 1976 አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ዕዳው ይከፈል የሚል ወረቀት መጣ።

የተቀበለችው ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጄኔቭ ከተማ፣ ሜራን ሰፈር፣ ስድስተኛ ደርብ ላይ ትኖራለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። መልእክተኛው አስፈርሟት ሄደ።

አሥራ አምስት ሺህ ፍራንክ፣ ከነወለዱ። ጠያቂው ዙሪክ፣ ኦርሊኮን የሚገኝ የዕዳ ሰብሳቢ ቢሮ ነው። አብሮት አበዳሪው ዕዳውን ለቢሮው ያስተላለፉበት የጀርመንኛ ወረቀትና የአማርኛ ውል ቅጂ ተያይዘዋል፤ ውሉ ኅሩይ በኅዳር 1965 ከአቶ ሀብተሥላሴ ስድስት ሺህ ብር ተበድሯል ይላል። ፊርማው ቁርጥ የኅሩይ ነው።

ውሉን ደጋግማ አነበበች።

ገንዘብ ብቻ ቢሆን ሠርታ ትከፍል ነበር። ነገር ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ የወይንሐረግ ካርቱም፣ አክስቷ ዘንድ ናት። ከተለያዩ አምስት ዓመት አለፈ። ልጅቷ እንድትመጣ አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቷል፤ እናትየው ዕዳ እንደሌለባት ከዕዳ መዝገብ ቤት የሚወጣ ማስረጃ። እስከ ወሩ መጨረሻ የኢሚግሬሽን ቢሮ መግባት አለበት። አሁን ስሟ መዝገቡ ላይ ሰፈረ።

ሻምበል ቢረሳውን ጠራችው።

ሻምበል ቢረሳው አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር። በ1966 ለሥልጠና መጥቶ በዚያው ቀረ። ዛሬ ኮዋንትራን አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣ ይጭናል። ሻንጣ ደግሞ ቃል አይሰጥም፤ ስለዚህ ምርመራ ሲገኝ ፊቱ ይበራል።

"ኅሩይ ተበድሮ ነበር?"

"ሦስት ሺህ ብር። ከፍሏል።"

"ደረሰኝ አለሽ?"

"በወዳጅ መሃል ምን ደረሰኝ አለ፣ ሻምበል? በሽማግሌ ፊት ውሉ ተቀደደ፣ አለቀ።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ሁለቱም ሞተዋል።"

"ከሀብተሥላሴ ጋር እንዴት ናችሁ?"

"እናታቸው ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስንም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን። እሳቸው ናቸው! ቂማቸውን በልጄ ሊወጡ ነው!"

ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በእኛ ዘንድ በቀላሉ ይቅር አይባልም። ሰበቡም ሰውየውም የተገኙ መሰለ። ቢረሳው ግን ውሉን እያነበበ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል።

"ስንት ጊዜ አነበብሽው?"

"ሃያ ጊዜ።"

"ሦስተኛው መስመር ላይ ምንም አልጎረበጠሽም?"

"የቤታችን አድራሻ ነው። ትክክል ነው።"

"አዲስ አበባ እስከ መቼ ነበርሽ?"

"እስከ 1971።"

"እንግዲያው አይጎረብጥሽም።" ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ዛሬውኑ የዕዳ መዝገብ ቤቱ፣ ኦፊስ ደ ፑርስዊት፣ ሄደሽ ዕዳውን አላምንም በይ። ለዚህ ያለሽ አሥር ቀን ነው። እኔ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ዙሪክ እሄዳለሁ።"

"እኔም እመጣለሁ። ፊት ለፊት ልስደባቸው!"

"ለዚህ ነው የምትቀሪው።"

ኦርሊኮን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የአቶ ሀብተሥላሴን ቤት በር የከፈተው አስፋ ነው፤ የእህታቸው ልጅ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአጎቱ ጋር ይኖራል። ሽማግሌው አብዮቱ ሳይፈነዳ የወጡ ነጋዴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁጣቸው ግን ገና ነው።

"ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ኅሩይ ዕዳ አለበት?"

"የለቅሶ ዕዳ አለበት! የገንዘብ የለበትም። ሦስት ሺህ አበደርኩት፣ ከፈለኝ፣ ውሉን በእጄ ቀደድኩት። በሙት ላይ ልዋሽ?"

አስፋ ሻይ ቀዳ። 

"በ1965 ኅሩይ የት ነበር የሚኖረው?" አለ ቢረሳው፣ ለሁለቱም ወረቀት እየሰጠ። "አስፋ፣ አንተም እዚያ ቤት ትላላክ ነበር አሉ። አድራሻውን ጻፉልኝ።"

ሽማግሌው በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ "ቀበና፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ከግራዝማች ቤት አጠገብ።"

አስፋ ቶሎ ጻፈ፤ "ከፍተኛ 12፣ ቀበሌ 07።"

ቢረሳው ውሉን ከኪሱ አውጥቶ ከአስፋ ወረቀት ጎን አኖረው። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ "የከፍተኛ 12፣ ቀበሌ 07 ነዋሪ የሆንኩት እኔ ኅሩይ..."

"በ1965 አዲስ አበባ መርማሪ ነበርኩ" አለ። "በቀን የአሥር ሰው አድራሻ እመዘግባለሁ። ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል ብዬ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ያኔ አልነበረማ! ደርግ ነው ያመጣው። እኔ ያየሁት እህቴ በ1968 በላከችልኝ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው።"

አስፋ የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

"ይህን ውል የጻፈው በቀበሌ የኖረ ሰው ነው። ስኳር በራሽን የገዛ፣ ከስብሰባ ቀረህ ተብሎ የተቀጣ። ጥሩወርቅም እንደዚያው ስለኖረች ሃያ ጊዜ አንብባ አለፈችው። አጎትህ ግን ቀበሌን አያውቁትም። ፊርማውን ከየት አመጣኸው?"

"ኅሩይ ብድር ሲጠይቅ የጻፈው ደብዳቤ... በአጎቴ ሻንጣ ውስጥ ነበር። መስኮት ላይ ለጥፌ ገለበጥኩት።"

"ውሉን ለቢሮው ያስተላለፈው ወረቀት ላይ የአጎትህ ፊርማ አለበት።"

ሽማግሌው ብድግ አሉ። "የኢንሹራንስ ነው ያልከኝ! ጀርመንኛ እንደማላነብ እያወቅህ!"

"ለምን?" አለ ቢረሳው።

"መኪና በዱቤ ገዛሁ። ከዚያ ፋብሪካው ቀነሰኝ። እነዚሁ ሰብሳቢዎች ናቸው፣ ሻምበል። በየሳምንቱ በር ይደበድባሉ። በስማችሁ የሚሰበሰብ ዕዳ ካለ ከዕዳህ ላይ ይታሰብልሃል አሉኝ። ኅሩይ ሞቷል፤ ማን ይከራከራል ብዬ..."

"ሚስቱስ?"

አስፋ የጻፈውን ወረቀት አጣጥፎ ወደ ጎን ገፋው።

"ልጁስ?" ቢረሳው የካርቱሙን ነገር ነገረው። አስፋ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ሐፍረቱ የእውነት ነበር።

"ፖሊስ ልጥራ ወይስ ሰኞ ቢሮው ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?"

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ሄዱ። ሽማግሌው ጥያቄው ሐሰት መሆኑን ቃላቸውን ሰጡ። አስፋ የገዛ ዕዳውን በየወሩ ሊከፍል ፈረመ። ዕዳ ሰብሳቢው ሰውዬ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጥያቄው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ላይ ማኅተም መትቶ ዋናውን ውል መለሰላቸው።

ሐሙስ ዕለት የጥሩወርቅ በር ተንኳኳ። ቢረሳው ነበር፤ ከጀርባው ሀብተሥላሴ፣ ከባቡር ገና መውረዳቸው ነው። አልተቀመጡም። ውሉን አወጡ።

"ያን ጊዜ በባልሽ ፊት ቀደድኩ" አሉ። "ዛሬ ደግሞ በአንቺ ፊት።" አራት ቦታ ቀደዱት።

"ጋሽ ሀብተሥላሴ" አለች። "እናትዎ የሞቱ ጊዜ ኅሩይ ታስሮ ነበር። እኔም ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ ደጅ ነበርኩ። ሳይፈታ ነው የሞተው።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

"ሰባት ዓመት ሙሉ" አሉ። "ሰባት ዓመት አኮረፍኩት።" አቅፈው ሳሟት፤ ለኅሩይም አብረው አለቀሱ።

"አስፋ ይቅርታ ልኮልሻል።"

"እሱን ገና አልቻልኩም። ጊዜ ስጡኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ከዕዳ መዝገብ ቤት ጠዋት ያወጣችው ማስረጃ አለ፤ ንጹሕ ነው። ከጎኑ የልጇ የወይንሐረግ ማመልከቻ። አንድ መስመር ብቻ አልተሞላም፤ ልጅቷ ስትመጣ የምትኖርበት አድራሻ። ጥሩወርቅ ዓይኗን አብሳ ቀስ ብላ ጻፈች፤ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ስድስተኛ ደርብ፣ ሜራን።

ቢረሳው በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየ። "ቀበሌውን ረሳሽው።"

ከልቧ ሳቀች። የኢሚግሬሽን ቢሮው አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ኮቷን አንሥታ ወጣች።