አልጋ ለባሕር ማዶ እንግዶች

«ጃጎ ቤት?» አሉ ሚስስ ፔንጌሊ ከመድረኩ ላይ ሆነው።

«የለም።»

በመንደሩ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው አንገቱን አስግጎ አየው። ኬሬንሳ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአባቷን የጃጎን ማጅራት ትመለከት ነበር። ፀሐይና ጨው ያቀላው ማጅራት ነው፤ አንዴ ከደነደነ በቀላሉ አይታጠፍም።

«ምኑ ነው የሌለው?» አሉ አሮጊቷ፣ ያልሰሙ መስለው።

«አልጋ። ዘንድሮ እኔ ቤት ለብሬቶኖች አልጋ የለም።»

እንዲህ ያለ ነገር ፖርትካሮው ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ይህች የእንግሊዝ አገር የኮርንዎል መንደር ከባሕር ማዶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በብሬቶኖች ምድር በብሪታኒ ከምትገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር ከሎክቫን ጋር እህትማማች የሆነችው ኬሬንሳ ከመወለዷ በፊት ነው። አንዱን ዓመት እነሱ ይመጣሉ፤ በሚቀጥለው የፖርትካሮው ሰዎች ይሄዳሉ። እንግዳን ሆቴል ማሳደር ነውር ነው። ስለዚህ መምጫቸው ሲደርስ ሚስስ ፔንጌሊ ቤቱን ሁሉ በየተራ ይጠራሉ፣ ባለቤቱም «አልጋ አለ» ይላል፣ ይጨበጨብና ሻይ ይጠጣል። ሥነ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ዘንድሮ ግን እንግዶቹ የሚገቡት ዓርብ ነበር፤ አገሩ ሁሉ «ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ብሎ ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት ማግስት። ቀኑ የተቆረጠው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ ማን አስቦት!

«ጃጎ፣ አልጋህን ሸርጣን በላው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

«ሳቁ! ሳቁ እንጂ!» ብሎ ተነሣ ፔስቲ የሚባለውን ሥጋ የተጠቀለለበት ዳቦ የሚጋግረው ሆስኪን። የሱቁን መስኮት «እንውጣ» በሚል ወረቀት ከሸፈነው ሰንብቷል። «ዓሣችንን ይወስዳሉ፣ ሕጋችንን ይጽፉልናል፣ አሁን ደግሞ አልጋችን ላይ እናስተኛቸው?»

«ባለፈው እነሱ ቤት ሄደህ አይባቸውን ጠራርገህ አይደል እንዴ የመጣኸው?» አለችው ነርሷ ብሪዮኒ።

«አይብና አገር አንድ ነው?»

«አንተ ሆድ ውስጥማ አንድ ነው!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረጁ ሰዎች ጣት እየተቀሳሰሩ «ከሃዲ»፣ «ደንቆሮ» ተባባሉ። ሚስስ ፔንጌሊ ጠረጴዛውን በሻይ ማንኪያ ቢደበድቡ ሰሚ አጡ። ጩኸቱ የበረደው የኬሬንሳ እናት ታምሲን ብድግ ስትል ነው።

«እኛ ቤት አልጋ አለ» አለች፣ ባሏን ሳታይ።

ታምሲን «እንቆይ» የሚለውን ወረቀት ማድ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ጃጎ «እንውጣ» የሚለውን ጀልባው ላይ ከለጠፉ ወዲህ፣ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት ስለ ዳቦና ስለ ወተት ብቻ ነበር። ያ የቤት ገበና አደባባይ ሲወጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ኬሬንሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሚስስ ፔንጌሊ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የአንድ ቤት ሰዎች ካልተስማሙ፣ አልጋውን የሚለቀው ነው የሚወስነው። የቆየ ደንባችን ነው» አሉ። «ኬሬንሳ፣ ልጄ፣ ኤኖራ የምትተኛው አንቺ አልጋ ላይ፣ አንቺ ደግሞ መሬት ላይ አይደል? እስቲ አንቺ ተናገሪ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ኬሬንሳ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «እኛ ለምን ድምፅ አንሰጥም?» እያለች ከጓደኞቿ ጋር ስትነጫነጭ ነበር የከረመችው። አሁን ግን የሚጠይቋት እሷን ነው። «አለ» ብትል አባቷን በመንደሩ ፊት ልታዋርደው ነው፤ «የለም» ብትል ደግሞ ብሬቶን ጓደኛዋን ኤኖራን ልታጣት ነው።

«አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ አስቢበት» አሉ አሮጊቷ። ያን ዕለት ሻዩን የጠጣው ሰው ጥቂት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ስልኳ ላይ የኤኖራ ድምፅ ጠበቃት።

«ኬሬንሳ! ሞተሻል እንዴ? በናትሽ መልሺልኝ! ስሚ፣ ቁመቴ ጨምሯል፤ እግሬ ከአልጋሽ ተርፎ ቢንጠለጠል ሙድ እንዳትይዢብኝ። አባቴ ደግሞ ‹ጃጎ፣ ጃጎ› እያለ ቤቱን በጥብጦታል። ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ቻው!»

ኬሬንሳ ደግማ ሰማችው፤ መልስ ግን አልላከችም። ያለፈውን ክረምት ሎክቫን ነበረች። ከኤኖራ ጋር ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል በደረታቸው ተኝተው፣ በመስኮቱ ባሕሩን እያዩ፣ «ያንቺ ቤት በዚያ በኩል ነው፣ አይ በዚህ በኩል ነው» ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። ከተመለሰች ወዲህ በራሷ መስኮት ስታይ የሚታያት ጉም ብቻ ነው። ቢሆንም ታያለች።

የናፈቃት ደግሞ ኤኖራ ብቻ አልነበረችም። የኤኖራ አባት ኤርዋንም ዓሣ አጥማጅ ነው። ሲመጣ እነ ኬሬንሳ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው የሚያድረው። የኤርዋን እንግሊዝኛ ይደናቀፋል፤ የጃጎ ፈረንሳይኛ «አመሰግናለሁ» ላይ ያልቃል። ግን ከሁለቱም አያቶች የተረፉ፣ በሁለቱም መንደር የሚታወቁ ጥቂት የጥንት ቃላት አሏቸው። ዳቦ እዚህም «ባራ» ነው እዚያም «ባራ»፤ ባሕር እዚህም «ሞር» እዚያም «ሞር»። በእነዚያ ቃላት ብቻ ማዕድ ላይ ሲቀላለዱ ያመሻሉ። አባቷ እንደዚያ ሲስቅ፣ ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር ሲስቅ፣ ከሌላ ከማንም ጋር አይታው አታውቅም። ከብርዱ ወራት ወዲህ ያ ሳቅ ጠፍቷል።

ወደብ ስትወርድ አባቷ የያዘውን ሸርጣን የጭነት መኪና ላይ ወዳለ የውኃ ገንዳ ይገለብጥ ነበር። እግረ ረጃጅሙ ሸርጣን ነው፤ ሸረሪት ስለሚመስል ፖርትካሮው ውስጥ አፉን የሚያስነካው ሰው የለም። መኪናው በመርከብ ተሻግሮ በቀጥታ ፈረንሳይ ይገባል።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«ማን እንደሚበላው ታውቂያለሽ።»

«ከወጣን በኋላስ?»

«ከወጣን በኋላም ይርባቸዋል» አለና ሌላ ቅርጫት አነሣ። ፈገግ ይላል ብላ ጠበቀች፤ አላለም።

«ኤርዋን ምን አደረገህ?»

ጃጎ ቅርጫቱን አስቀመጠ። «የሸርጣን ወጥመዶቼን በብርዱ ጊዜ ማዕበል የወሰዳቸው ይመስልሻል አይደል? ማዕበል አይደለም። መረብ የሚጎትት ትልቅ መርከብ ነው አግበስብሶ የሄደው። በዐይኔ አይቼዋለሁ። የሎክቫን መርከብ ነበር።»

«የነዳው ግን ኤርዋን አይደለም።»

«አይደለም። ግን ያውቃል። እዚያች ወደብ ውስጥ ማን ምን ጎትቶ እንደመጣ የማያውቅ የለም። ወንድሜ ነው የምለው ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ ‹አይዞህ› አላለኝም።»

«አንተስ ደወልክለት?»

አባቷ ገመዱን ጠምጥሞ ጠምጥሞ ሲጨርስ፣ «ምን ብዬ?» አለ።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ኬሬንሳ ይህን ልትለው ፈለገች፤ ግን የአባቷ ዐይን ባሕሩ ላይ፣ ወዲያ ማዶ ተሰክቶ ስላየችው ተወችው። እሱም የሚያየው ጉም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ውጤቱ ተሰማ፤ አገሩ ሊወጣ ነው። ሆስኪን ለአላፊ አግዳሚው ፔስቲ በነጻ ያድላል፤ ብሪዮኒ ዐይኗ አብጦ በሌላኛው መንገድ አለፈች። ታምሲን ሬዲዮኑን ዘጋችና የታጠበውን ስኒ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጃጎ ከባሕር ሲመለስ ቦት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። ሽሙጥም ነበረበት፣ ለቅሶም።

«አመሰግናለሁ» አለ። ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር።

ኬሬንሳ ከደረጃው ወረደች። «አባዬ፣ ሚስስ ፔንጌሊ ጋ ልሄድ ነው። አልጋ አለ ልላቸው ነው። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው የነገርኩህ።»

ጃጎ ከወንበሩ ተነሣ። «አልጋው ያንቺ ነው» አለ። «እኔ እነሱ እስኪሄዱ ጀልባው ላይ አድራለሁ።» ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

አመሻሹ ላይ ከእናቷ ጋር አውቶቡሱን ሊቀበሉ ሲወጡ፣ ሰኔ ነውና ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«ኤርዋን ከጠየቀ ‹ባሕር ላይ ነው› በይው» አለቻት ታምሲን። «እንግዳ ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ አናስከፋውም።»

«እሺ» አለች ኬሬንሳ። ያን ጊዜ የምሯን ነበር።

ብሬቶኖቹ በሌላ ጊዜ እየዘፈኑ ነው የሚወርዱት። ዘንድሮ አንድ በአንድ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ወረዱ። የፖርትካሮው ሰዎችም የመጡት መጥተው፣ ከልክ በላይ ጮክ እያሉ ስለ አየሩ ያወራሉ። ኤኖራ ግን በሰዉ መካከል እየተጋፋች መጣች።

«እህሳ! ፓስፖርቴን ላሳይሽ ወይስ ልሳምሽ?»

ተቃቀፉ። እውነትም ቁመቷ ጨምሯል፤ የኬሬንሳ ግንባር ትከሻዋ ላይ ነው የደረሰው። ኤኖራ ትስቃለች፣ ዐይኗ ግን ርሷል።

ኤርዋን መጨረሻ ወረደ። ትልቅ ሻንጣውን እንደያዘ በሰዉ አናት ላይ አሻግሮ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ እነሱ ጋ መጣ።

«ጃጎ?» አለ።

ታምሲን ወደ ልጇ አየች። መልሱ ተዘጋጅቷል፤ ቀላል ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ኤርዋን ያምናል፣ ወይም ያመነ ይመስላል። ከዚያ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት አባቷ ሎክቫን አይሄድም። ለገና ካርድ ይላካል፤ ቆይቶም ካርዱ ይቀራል። ሰው እንዲህ ነው የሚጠፋፋው፤ ሳይጣላ፣ በጨዋ ደንብ። ኬሬንሳ ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታያት።

«ወደቡ ላይ ነው» አለች። «ጀልባው ውስጥ። እርስዎን ላለማየት ብሎ ነው።»

«ኬሬንሳ!» አለች እናቷ።

«እኔን?» አለ ኤርዋን። «ለምን?»

ኬሬንሳ ነገረችው። ስለ ወጥመዶቹ፣ ስለ ሎክቫኑ መርከብ፣ ሳይደወል ስለቀረው ስልክ። ኤኖራ እያስተረጎመች ነበር፤ መሐል ላይ ስትደርስ ፊቷ ቀላና ድምፅዋ ዝቅ አለ። ኤርዋን ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረ።

«አንድ ነገር ሰምቼ ነበር» አለ፣ ቃላቱን እየፈለገ። «ጠጥተው ሲያወሩ። ሲስቁ። የማን ወጥመድ እንደሆነ… አልጠየቅኩም።» «ስንቱን ወሰዱበት?» አለ ደግሞ።

«ሁሉንም።»

«ተቆጥቷል?»

«በጣም። እርስዎ ሲናፍቁት ደግሞ ይብስበታል።»

ይህንን ኤኖራ ልታስተረጉምለት ስትል ኤርዋን በእጁ ከለከላት። ገብቶታል። ሻንጣውን እዚያው ትቶ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ወደ ወደቡ የሚወስደውን ቁልቁለት ብቻውን ተያያዘው። መንገዱን የሚያሳየው ሰው አላስፈለገውም።

«አባትሽ ይመታዋል እንዴ?» አለች ኤኖራ።

«እንጃ።»

«እንከተለው?»

«አይ፣ ተይው።»

ታምሲን ቁልቁል እያየች ቆማ ነበር። ወጡ ምድጃ ላይ ነው፤ እራት መቅረብ አለበት።

«ለስንት ሰው ላቅርብ?» አለች በመጨረሻ።

ኬሬንሳ የሻንጣውን አንዱን እጀታ ያዘች፤ ኤኖራ ሌላውን ያዘች። ከባድ ነበር።

«ለአምስት» አለች ኬሬንሳ። አባቷ ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል እያወቀች ነው ያለችው።