የተዘለለው ማገጥ

አቶ ገብረዋህድ ሲሞቱ ሁለት ሰዎች ጩኸታቸውን ሰምተዋል፤ አንዳቸውም በሩን አልከፈቱም። ሰውየው ኮሶ ጠጥተው ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ ያቃስታል፣ ያስመልሰዋል፣ ቤተሰቡም ለጠያቂ «የሉም» ይላል። እሳቸውም በየዓመቱ የመስቀልን ጥሬ ሥጋ ጨርሰው ሲያበቁ፣ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመት በሥርዓት ኖረው በሥርዓት ሞቱ።

ሐኪሙ ግን ነገሩ አላማረውም። አስከሬኑ ሲመረመር ሆዳቸው ውስጥ የአረም መድኃኒት ተገኘ፤ ያው መድኃኒት በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ ከአትክልተኛው ከዓብዱልቃድር ዕቃ ቤት ወጣ። አትክልተኛው ሐሙስ ታሰረ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አለቃዋ መዝገቡን ለኢንስፔክተር ጀማነሽ ሲሰጣት «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው» አላት። ጀማነሽ ሌላው የጨረሰውን ሥራ እንደገና መጀመር የምትወድ ሴት ናት፤ በዚህ ጠባይዋ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድም የሥራ ባልደረባ ለሠርጉ ጠርቷት አያውቅም።

መጀመሪያ እስረኛውን አነጋገረች።

«አቶ ገብረዋህድ የአረም መድኃኒት ከልክለውህ ለምን ገዛህ?»

«ለሣሩ አይደለም፣ እትዬ። በበሩ በኩል ጠጠሩ መሀል ለሚበቅለው ነው፤ ወገቤ አልችል ብሎ። ሣሩንማ አያስነኩም። አረም በባዶ እጅ ከነሥሩ ነው የሚነቀል፤ ጓንት እንኳ ክልክል ነው። ጓንት ሥር አይለይም ይላሉ።»

«መድኃኒቱ ሣሩ ላይ ቢፈስስስ?»

«ሣሩን አይነካም። ቅጠለ ሰፊውን ነው፣ ማገጡን፣ እየጠመዘዘ የሚያደርቀው። ሦስት አራት ቀን ይፈጃል።»

«ጠርሙሱ የት እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?»

«ከጋሼ በቀር ሁሉም።» ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠየቀ፤ «ራሂማ ምሳ ትበላለች?»

ራሂማ ሚስቱ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ። ጀማነሽ ካዛንቺስ ስትደርስ ከሟቹ ግቢ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የለቅሶው ድንኳን መንገዱ ላይ ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷታል።

«ለምንድን ነው እዚህ የምትቀመጪው?»

«ባሌ አልገደለም። የገዳይ ሚስት እዚህ ለመቀመጥ ፊት እንደሌላት ይወቁ ብዬ ነው።»

«ወንበሩን ማን ሰጠሽ?»

«መርሃዊት፣ ልጃቸው። ሻይም ታመጣልኛለች፤ አላህ ይስጣት። ሌላውማ ምራቁን ነው የሚተፋብኝ።»

ግቢው ውስጥ ሰፊ ሣር ነበር። ካዛንቺስ በየአቅጣጫው እየፈረሰ በሕንፃ ሲተካ ይህ ሣር እንዳለ ቀርቷል። የሟቹ ልጅ አሉላ በረንዳው ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል፤ አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሐዘኑም ከከረባቱ አላለፈም።

«ይህን የሚያህል ግቢ እያለ ድንኳኑ ለምን መንገድ ላይ ተተከለ?»

«መርሃዊት ናት። አባባ ሣሩ እንዲረገጥ አይወዱም ብላ አልቅሳ አስተወችን። ማለቴ፣ ሞተውም ሣር ያስጠብቁናል።»

«አንተ ግን ሣር አትወድም።»

«በቃ እውነቱን ልንገርዎት። እሳቸው ሲያልፉ ሕንፃ ልሠራበት ነበር። ግን እስከ ማክሰኞ ቀትር እዚህ ግቢ አልረገጥኩም፤ ጠዋት ስታዲየም ቢሮዬ ነበርኩ። ይጠይቁ።»

ጠይቃለች፤ እውነቱን ነው። የሚመኘው ሁሉ ሳይደክምበት ስለመጣለት ትንሽ እንኳ ማፈር አልቻለም።

ማሚት በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ኮሶውን ማን አዘጋጀ፣ እማማ ማሚት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ ሰኞ ማታ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ያጠጣቻቸው ግን መርሃዊት ናት። ከሌላ እጅ አይቀበሉም።»

«ዋንጫውንስ ማን አጠበው?»

«ላጥበው ብል ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። ያን ቀን ቧንቧው ውሃ እንኳ አልነበረውም፤ በጆግ የቀዳሁት ብቻ ነበር።»

«ሲጮኹ ለምን አልገቡም?»

«ልገባ ነበርኮ! መርሃዊት መስኮታቸው ሥር አረም ትነቅላለች፤ 'ተይ እማማ፣ ኮሶው ነው፣ እንዲህ ሆነው ስታዪያቸው ያፍራሉ' አለችኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ልጄ! አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማኋቸው።»

«አባትና ልጅ ተጣልተው ያውቃሉ?»

ማሚት ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሷ መቼ ትናገራለች። መስከረም 25፣ እሑድ፣ ሽማግሌዎች መጡ። አንድ አስተማሪ ሊያገባት ልኳቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደስ አለን። ጋሼ ሽማግሌዎቹን በረንዳ ላይ አስቀምጠው እሷን ጠሯት፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። 'እዚያ ጋ አረም ቀርቷል፣ ንቀይው' አሏት። ተንበርክካ ነቀለች። 'እዚያም' አሏት። ያን ግቢ በጉልበቷ አስዞሯት። ከዚያ 'እንግዲህ አያችሁ፤ ሌላ ሙያ የላትም፣ ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ' አሉ። ሰዎቹ ቆባቸውን አንስተው ሄዱ፤ አልተመለሱም።»

መርሃዊት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳትቸኩል ነው የምትናገረው። ጥፍሮቿ ሥር አፈር አለ።

«ዋንጫውን? አላጠብኩትም። አባባ እንደጠጡ ቀጥታ ወደ አረሜ ነው የሄድኩት። እማማ ማሚት አጥባው ይሆናል።»

ከሁለቱ አንዷ ዋሽታለች። ጀማነሽ ከዚያ በኋላ ሰው ማነጋገሩን ትታ ሣሩን ማነጋገር ጀመረች፤ ለቀስተኞቹ በበሩ ቀዳዳ እያዩ ይህች ሴት ምን ነክቷታል አሉ። ተንበርክካ ከደረጃው ተነሥታ ስንዝር በስንዝር እስከ ሟቹ መኝታ ቤት መስኮት ሄደች። አንድ አረም የለም። ሣሩ መሀል ሥሩ ተነቅሎ የወጣበት ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ ይታያል። ከመስኮቱ ሥር ሲደርስ ግን የትሪ ያህል ስፋት ላይ ማገጡ ሳይነቀል ቀርቷል። ባለሦስት ቅጠሉ ማገጥ ተጠማዝዞ ጠቁሯል፤ በመካከሉ ያለው ሣር ደህና አረንጓዴ ነው።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ማገጥ ቀርቷል። አሉላ፣ እስኪ ንቀልልኝ።»

አሉላ እየተነጫነጨ ጎንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ ነጨ። ማሚትም ተጠይቃ ነቀለች።

«መርሃዊት፣ አንቺስ?»

መርሃዊት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቀኝ እጇ ላይ ጠቀለለችውና ጎንበስ አለች።

«ጓንት ሥር አይለይም ተብለሽ አይደል ያደግሽው?» አለች ጀማነሽ። «ተይው፣ ቀና በይ። እናንተም በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።»

አሉላ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አልገባኝም።»

«ያን ቀን ቧንቧው ደርቋል። አባትህ ከጠጡ በኋላ አንድ ሰው ዋንጫውን በጆግ ውሃ አለቅልቆ በመስኮቱ ሥር ደፋው። እጣቢው ውስጥ መድኃኒቱ ነበረበት፤ ማገጡን ያጠማዘዘው፣ ሣሩን የማረው ለዚያ ነው። ዓብዱልቃድር ሰኞ ማታ ኮሶው ውስጥ ጨምሮት ቢሆንስ ትለኛለህ። ይሁን። ማሚትም ያለቀለቀችው ይሁን። እንግዲያው መርሃዊት አታውቅም ማለት ነው። የማታውቅ ሴት ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ስትደርስ የምታየው ማገጥ ነው፤ ገና አልጠወለገም፣ እንደ ሌላው ለምለም ነው። ትነቅለዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ሥር አስቀርታ አታውቅም፤ ይህንንም አታስቀርም። እሷ ግን ከወዲያ እስከ ወዲህ አጽድታ ይህችን ብቻ ዘለለቻት። የፈሰሰውን የሚያውቅ ሰው ብቻ በባዶ እጁ አይነካትም። ድንኳኑንም መንገድ ላይ ያስተከለችው ለሣሩ አዝና አይደለም። ለቀስተኛ እዚህ ተቀምጦ ማገጡ ሲጠማዘዝ እንዳያይ ነው። ዛሬም እጇን ጠቀለለች።»

ማሚት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። መርሃዊት ነጠላዋን ከእጇ ላይ ቀስ ብላ ፈታች።

«ዓብዱልቃድር ምን አድርጎሽ ነው?» አለች ጀማነሽ።

«ምንም። በዚህ ግቢ ደከመሽ ወይ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ?»

«ጠርሙሱ የሱ ነበር።»

ጀማነሽ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮኹ እዚህ ተቀምጠሽ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ወደ መስኮቱ መጡ። ብረቱን ይዘው ቆሙ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ቢሉኝ ሰው እጠራ ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«በጣታቸው ሣሩን አሳዩኝ። 'እዚያ ጋ ማገጡን ዘለልሽው' አሉኝ።»

መርሃዊት እጇ ታስሮ ስትወጣ ራሂማ ከወንበሩ ብድግ አለች፤ ነገሩ ገና አልገባትም።

«ባልሽ ነፃ ነው» አለቻት ጀማነሽ። «ደብዳቤውን አሁን እጽፋለሁ፤ ሰኞ ቤቱ ይገባል። የገደለችው ይቺ ናት።»

መርሃዊት ባጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። «ራሂማ፣ ሻይ አመጡልሽ?»

ራሂማ እሷ የሰጠቻትን ወንበር በሁለት እጇ አነሣች፤ ሆዷ እየከበዳት በሩን አልፋ ገባችና ማንም እንዳይረግጠው በተከለከለው ሣር መሀል አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ወጥታ ፀሐዩ ላይ ቆመች።